«እንኳን» የምትለዋ ቃል

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና በአንድ ጣታቸው ወደ ወጣቷ መምህርት ገፉት።

«አነበብኩት» አሉ። «ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ» አለች መምህርቷ ግራ ገብቷት።

«አንቺ ግን የለሽበትም።»

ኃላፊዋ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ የሸበተ፣ ሲቆጡም ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። መነጽራቸውን አወለቁና ዓይናቸውን አሹ። «‹ተማሪን ማዕከል ያደረገ›፣ ‹አሳታፊ›፣ ‹ዘመኑን የዋጀ›... እንዲህ ዓይነት ወረቀት በዓመት ሃያ ይደርሰኛል። ስሙን ብሸፍነው የማን እንደሆነ አልለየውም። እዪኝማ፣ ባለፈው ሴሚስተር ከሰማንያ አራት ተማሪ ስድሳ አንዱ ወድቆብሻል። ኮሚቴው በቋሚነት ከመቅጠሩ በፊት የሚጠይቅሽ የማስተማር ፍልስፍናሽን ነው። ፍልስፍና ሲባል አትደንግጪ፤ እንዴት እንደምታስተምሪና ለምን እንደዚያ እንደምታስተምሪ በራስሽ አፍ መናገር ማለት ነው። አርብ በአራት ሰዓት ኮሚቴው ፊት ታስተምሪያለሽ፣ ጽሑፍሽንም ታነቢያለሽ። እስከዚያ ጻፊው።»

«እሺ» ብላ ወጣች።  ለሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪዎች የብረትና የኮንክሪት ጥንካሬ ማስተማር ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው። አባቷ በዚሁ ግቢ አርባ ዓመት አስተምረው፣ ዲን ሆነው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። የእሳቸው ልጅ ከሥራ ተሰናበተች የሚለው ወሬ በየቢሮው ሲዞር ታያት።

ቢሮዋ ስትገባ ጠረጴዛዋ ላይ ቡናማ ፖስታ አገኘች። የላዩን ጽሕፈት አየችና ልቧ ዘለለ፤ በማስመሪያ የተጻፈ የሚመስል ቀጥ ያለ የእጅ ጽሕፈት የአንድ ሰው ብቻ ነው። ፈገግ እያለች ከፈተችው።

ውስጡ አንድ ገጽ ነበር። የራሷ ገጽ። ከሦስት ሳምንት በፊት ጽፋ፣ በጋራ ማተሚያው ላይ አትማ፣ የት እንደገባ ስታጣው የተወችው የመጀመሪያ ረቂቅ። የትምህርት ክፍሉ የቢሮ ጸሐፊ የላቦራቶሪ ወረቀት መስሏት ከላቦራቶሪው ሰነዶች ጋር አስተላልፋው ኖሯል። መሀሉ ላይ እንዲህ ይላል፦ «በትምህርቱ ብዙም ያልገፋ የላቦራቶሪ ቴክኒሽያን እንኳን ተማሪዎች እንዲጠይቁ ማድረግ ከቻለ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር ይህን ማድረግ የማይችልበት ምክንያት የለም።»

«እንኳን» ከምትለዋ ቃል ሥር በእርሳስ ቀጥ ያለ መስመር ተሰምሯል። በኅዳጉ ላይ ደግሞ ሁለት ዓረፍተ ነገር፦ «ልኬቱ ትክክል ነው። እየተለካሁ መሆኔን ግን አላወቅኩም ነበር።»

ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። የኮሚቴውም፣ የአባቷም፣ የሥራዋም ነገር ከአእምሮዋ ብን ብሎ ጠፋ። የቀራት እፍረት ብቻ ነበር፤ ከፊቷ ተነስቶ እስከ ጣቷ ጫፍ ድረስ የሚያቃጥል እፍረት።

*

ሰውየውን በግቢው ያለ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። አንድ ነገር «በግምት ስንት ይሆናል?» ሲባል ሜትሩን ከኪሱ ሳያወጣ መልስ ስለማይሰጥ የወጣለት ስም ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ አሥረኛ ክፍል ሲጨርስ አጎቱ ዘንድ ማሽን ላይ ገባ፤ እዚህ ላቦራቶሪ ከተቀጠረ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

የተዋወቁት ያ ሁሉ ተማሪ ከወደቀባት በኋላ ነው። የተማሪዎቿን ዓይን ላለማየት ስትል ክፍለ ጊዜውን ወደ ላቦራቶሪው አዛወረችው። እዚያ ብረት ጎትቶ የሚበጥስ ማሽን አለ። ሚሊሜትር አንዲት የብረት ዘንግ ማሽኑ ላይ ካሰረ በኋላ ቁልፉን አልተጫነም። ለእያንዳንዱ ተማሪ ቁራጭ ጠመኔ አደለና «የት ጋ ትበጠሳለች? ምልክት አድርጉ፤ ስማችሁንም ጻፉ» አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ። ተማሪዎቹ ተሳሳቁ፣ ተከራከሩ፣ ምልክት አደረጉ። ዘንጓ ተበጠሰች፤ ማንም ካለው ቦታ አልነበረም። ያን ቀን መምህርቷ በሁለት ዓመት ያልሰማችውን ጥያቄ በአሥር ደቂቃ ሰማች።

ከዚያ በኋላ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ሲሆን እግሯ ወደዚያ ይወስዳት ጀመር። ምክንያት አታጣም፤ አንድ ቀን መለኪያ፣ አንድ ቀን መመዝገቢያ። የላቦራቶሪው ጥግ ላይ ሻይ ይጠጣሉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ «እርስዎ» ማለቱን ተወ።

«ተማሪዎቹ ምን ብለው እንደሚጠሩሽ ታውቂያለሽ?» አላት አንዴ።

«ምን ይሉኛል?»

«ባቡር።»

«ፈጣን ስለሆንኩ?»

«ስለማትቆሚ።»

ሌላ ሰው ቢላት ዓመት ታኮርፍ ነበር። ከሱ ሲመጣ ግን ሳቀች፤ ማታ ቤቷ ሆና አሰበችበት፤ በማግስቱ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ሦስት ጊዜ ቆመች። ሌላ ቀን የብረት ስንጣሪ ጣቷ ውስጥ ገባባትና በወረንጦ አወጣላት። ስንጣሪው ወጥቶ ካለቀ በኋላም ጣቷን አልለቀቀም። እሷም አልሰበሰበችም። 

እና ያንን ሰው ነው በአንዲት ቃል ያሳነሰችው።

*

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሄደች። ሚሊሜትር ጠረጴዛው ላይ የብረት ዘንጎች ደርድሮ አንድ በአንድ ይለካል። እሷ ስትገባ ሁልጊዜ ቀና ብሎ ፈገግ ይል ነበር። አሁን ቀና አለ።

«ደህና ዋሉ፣ መምህርት?»

«ዋሉ» የምትለዋን ቃል ስትሰማ በጥፊ የተመታች ያህል ተሰማት። «እባክህ እንዲህ አትበለኝ።»

«ምን ልርዳዎት?»

«ያ ገጽ... እኔ ትቼው ነበር። አስተካክዬ ልጽፈው ነበር። ደግሞም የጻፍኩት አንተን ለማመስገን ነው።»

ጨርቅ አንስቶ እጁን ጣት በጣት ጠረገ። «ገብቶኛል» አለ ቀስ ብሎ። «የከበደኝም እሱ ነው። ስድብ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። ምስጋና ሆነብኝ።»

 መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ንግግር ትታ አንዱን ዘንግ ከጠረጴዛው አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

«ወደ ቅርንጫፍ ግቢው ዝውውር ጠይቄያለሁ» አለ፣ ፊቱን ወደ ዘንጎቹ መልሶ። «አዲስ ወርክሾፕ ከፍተዋል፤ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ቅዳሜ እሄዳለሁ ብዬ አስባለሁ።»

ቅርንጫፍ ግቢው በአውቶቡስ የአንድ ሙሉ ቀን መንገድ ነው።

«በእኔ ምክንያት ነው?»

«አይደለም። ቦታዬን የረሳሁት እኔ ነኝ።»

እንባዋ መጣባት። ከመፍሰሱ በፊት አንድ ነገር መናገር ነበረባትና አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች። «አርብ ለኮሚቴው የማስተምረው እዚህ ነው። ማሽኑን የሚያሠራልኝ ሰው ያስፈልገኛል።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። «ሥራዬ ነው» አለ። «እገኛለሁ።»

ወደ ውጭ ስትወጣ ፀሐይዋ ጠንክራ ነበር፤ እሷ ግን ብርድ ብርድ አላት። ቢቆጣት፣ ቢጮህባት፣ በር ቢዘጋባት ይሻላት ነበር። በጨዋነቱ ነው የገደላት።

*

ረቡዕ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አባቷ ከመኝታ ክፍላቸው ሲወጡ ሳሎን ውስጥ ባዶ ወረቀት ፊት ለፊቷ አስቀምጣ፣ እስክሪብቶዋን እያኘከች አገኟት።

«አሁንም ያ ፍልስፍና ነው?» አሉ። «የእኔን የድሮውን ልስጥሽ አላልኩሽም? ያን ጊዜ ኮሚቴው ቆሞ ነው ያጨበጨበልኝ።»

«የአባባን አንብቤዋለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለውም እሱ ነው። ለዚህ ነው የእኔን ማግኘት ያቃተኝ።»

አባቷ ሳቅ ሊሉ ፈለጉና ፊቷን አይተው ተዉት። አጠገቧ ያለውን ገጽ አነሱ፤ ያቺን በእርሳስ የተሰመረችውን። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡ። ኅዳጉን ሲያነቡ ቆዩ።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«የላቦራቶሪው ቴክኒሽያን ነው።» ቀጥሎ የሚመጣውን ስታውቅ ትንፋሽ ሳበች። «አባባ፣ ያ ሰው... እወደዋለሁ።»

 አባቷ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ቴክኒሽያን» አሉ፤ ጥያቄም አልነበረም፣ ቁጣም አልነበረም። «ለአንቺ ያሰብኩት... የሚመጥንሽ ሰው ነበር።»

«እኔም ሳላውቀው እንደዚያ ሳስብ ኖሬያለሁ። ያቺን ዓረፍተ ነገር የጻፍኳት ለዚህ ነው።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር ጻፊ አላልኩሽም።»

«አላሉኝም። ግን ከዚህ ቤት ነው የተማርኩት። ‹ተላላኪው እንኳን ያውቀዋል›፣ ‹ሹፌሩ እንኳን ይገባዋል› ሲባል ነው ያደግኩት። አሁን ደግሞ ክፍል ገብቼ ‹ይህን እንኳን አታውቁም?› እላለሁ።» ገጹን በጣቷ ጠቆመች። «አባባን ለመውቀስ አይደለም። ከማን እንደተማርኩት ሳስብ ነው የደረስኩበት።»

አባቷ ገጹን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱ።  ተነስተው ወደ ክፍላቸው ሲሄዱ ትከሻቸው ከወትሮው ዝቅ ብሎ አየችው።  ተከትላቸው ልትሄድ ብድግ አለች፤ ግን ተመልሳ ተቀመጠችና መጻፍ ጀመረች። ልቧ ያዘነውን ያህል እጇ ፈጠነ፤ እውነት ስለነበር አልተሰናከለችም።

*

አርብ አራት ሰዓት ላይ ላቦራቶሪው ጢም ብሎ ሞላ። አራቱ የኮሚቴው አባላት ከፊት፣ ተማሪዎቹ ከኋላቸው። ሚሊሜትር ንጹሕ ጋዋን ለብሶ ማሽኑ አጠገብ ቆሟል። በሩ ሊዘጋ ሲል አባቷ ኮታቸውን እንደለበሱ ገቡና መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከረቡዕ ወዲህ በቅጡ አልተነጋገሩም ነበር፤ ልታያቸው አልደፈረችም።

ጠመኔውን አደለች። ተማሪዎቹ እየተጋፉ ምልክት አደረጉ። ኃላፊዋም ተነስተው አደረጉ።

«ለታዛቢ የሚሆን ጠመኔ ይኖራል?» አለ ከኋላ የሚታወቅ ድምፅ። አባቷ ነበሩ። ሰው ሁሉ ዞረ። መጥተው ከዘንጓ መሀል ላይ፣ በእርግጠኝነት፣ ደማቅ መስመር አሰመሩና ስማቸውን ጻፉ።

ሁሉም ከመከላከያው መስታወት ጀርባ ሲቆሙ ሚሊሜትር ቁልፉን ተጫነ። ዘንጓ ተሳበች፣ ተሳበች፣ አንድ ቦታ ላይ ወገቧ ቀጠነ፤ ጧ ብላ ተበጠሰች። ከአባቷ መስመር አንድ ጣት ሙሉ ርቃ ነበር።

ጸጥ አለ። ቀድሞ ቢሆን ይህን ጊዜ መምህርቷ ወደ ሰሌዳው ሮጣ ቀመሩን ጽፋ በጨረሰች ነበር። እግሯ ወደዚያ ሊሄድባት ቃጥቶ ነበር። ያዘችው። በልቧ መቁጠር ጀመረች፤ አምስት፣ ስድስት። አንድ የኮሚቴ አባል ሰዓቱን አየ። አሥር። አሥራ አንድ።  ቀና ስትል የሚሊሜትርን ዓይን አገኘች። በጣም በትንሹ ራሱን ነቀነቀ፤ ቆዪ ማለቱ ነበር።

«መምህርት» አለች ከኋላ አንዲት ተማሪ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ ናት፤ ባለፈው ሴሚስተር ከወደቁት አንዷ። «ሁላችንም መሀሉ ነው ያልነው። ብረቱ ግን መሀል የት እንደሆነ በምን ያውቃል?»

አንዳንዶች ሊስቁ ሲሉ መምህርቷ እጇን ከፍ አደረገች። «ደግመሽ ጠይቂ» አለች። ልጅቷ ደገመች። ሌላው ተማሪ መለሰላት፣ ሦስተኛው ተቃወመው፣ ከዚያ ማን ምን እንዳለ እስኪጠፋ ድረስ ክፍሉ ተሟሟቀ። «የደከመችበት ቦታ አለ ማለት ነው!» አለ አንዱ። መምህርቷ ወደ ሰሌዳው የሄደችው ያኔ ነው፤ ሰማንያ አራት ሰው ቀመሩን ሲጠብቅ።

ትምህርቱ ሲያልቅ ጽሑፏን አወጣች። ሰው ሁሉ እንዲሰማት ድምጿን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ተማሪ ሳይሆን ሰሌዳ ነው። ሰሌዳ ሁሉን ይቀበላል፤ አንድም ቀን አልገባኝም ብሎኝ አያውቅም። ተማሪዎቼ አልገባንም ሲሉኝ ግን ‹ይህን እንኳን አታውቁም?› እላቸው ነበር። ‹እንኳን› የምትለዋ ቃል ትንሽ ናት። ግን አንድን ሰው ከፍ ያደረግኩት እየመሰለኝ ዝቅ የማደርገው በእሷ ነው። ከማከብረው ሰው ስም አጠገብ ጽፌያት፣ አክብሮቴን ስድብ አድርጋብኛለች። ዛሬ ከቋንቋዬ አውጥቻታለሁ።

«ተማሪ መልሱን ከመስማቱ በፊት የራሱን ግምት ማስቀመጥ አለበት ብዬ አምናለሁ። ግምቱ ሲስት፣ ‹ለምን› የሚለው ጥያቄ የእኔ መሆኑ ይቀርና የእሱ ይሆናል። የእኔ ሥራ ጥያቄው እስኪመጣ መጠበቅ ነው። ሲመጣ ደግሞ እንዳይሳቅበት መጠበቅ ነው። ለሁለቱም ያለን ቃል አንድ ነው።»

ሰዓቱን ሲያይ የነበረው የኮሚቴ አባል ጉሮሮውን ጠረገ። «ዘዴው ጥሩ ነው። ከየትኛው መጽሐፍ ነው የወሰድሽው?»

«ከመጽሐፍ አይደለም። ያስተማረኝ ሰው ማሽኑ አጠገብ ቆሟል።»

«ቴክኒሽያኑ?»

«መምህሬ» አለች።

ሚሊሜትር ዓይኑን ወደ መለኪያው ሰበረ። ጆሮው እስኪቀላ ድረስ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ፤ እጁ ያለ ሥራው የማሽኑን ጎን ይደባብሳል። ያን ያየች ጊዜ መምህርቷ ሥራውን ብታገኝም ባታገኝም ግድ እንደማይሰጣት ገባት። 

*

ሰው ሁሉ ሲወጣ ኃላፊዋ ክንዷን ያዝ አደረጓት። «ሰኞ መጥተሽ የቅጥር ደብዳቤሽን ውሰጂ» አሉና ሄዱ። እንዲህ ነው እሳቸው፤ ከዚያ በላይ አይናገሩም።

አባቷ ግን አልወጡም። የተበጠሰችውን ዘንግ ሁለት ቁራጭ በሁለት እጃቸው ይዘው ሚሊሜትር ፊት ቆመዋል። «አርባ ዓመት በሰሌዳ ሳስተምረው የኖርኩትን ነገር ዛሬ አየሁት» ሲሉት ሰማች። «ደግመህ ልታሳየኝ ትችላለህ? ቀስ ብለህ።» ሚሊሜትርም ሌላ ዘንግ አሰረ። ሁለቱ ጎንበስ ብለው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ቆዩ፤ አባቷ የኮታቸውን እጅጌ ቅባት ሲነካው እንኳ ልብ አላሉም። እሷ ደጅ ወጥታ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። እንዳትረብሻቸው ፈርታ ነው፤ ደግሞም ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

ቆይቶ በሩ ተከፈተና ሚሊሜትር መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። 

«ነገ ስንት ሰዓት ነው አውቶቡስህ?» አለች፣ ፊት ለፊቷ እያየች።

«አውቶቡስ የለም። ጠዋት ኃላፊዋ ጠርተውኝ ነበር። የዝውውር ማመልከቻዬን ሳይፈርሙበት መለሱልኝ። ‹የዛሬው ካለፈ በኋላ አሁንም ከፈለግህ መልሰህ አምጣው› አሉኝ።»

«እና ትሄዳለህ?»

«አልሄድም። ትምህርቱ እንዳለቀ ቀደድኩት።» በጣቶቹ መቅደዱን አሳያት። «እውነቱን ልንገርሽ? በወረቀቱ ብቻ አልነበረም። የዲኑ ልጅ ነሽ፤ አንድ ቀን ሂድ መባሌ አይቀርም ብዬ ነው። ሳይሉኝ ልሂድ ብዬ።»

እንደገና በ«አንቺ» አናገራት። ከማክሰኞ ጀምሮ የናፈቀችው ቃል ነበር፤ እንዳያመልጣት ፈርታ ዓይኗን ጨፈነች።

«ማን ነው ሂድ የሚልህ?»

«አባትሽ።»

«አሁን ምን አሉህ?»

«እሑድ ቤት ና አሉኝ። የሳሎናችሁ በር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ እይልኝ አሉ።»

መምህርቷ ዞራ አየችው። «የሳሎናችን በር ምንም አይልም።»

ሚሊሜትር ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። ነገሩ ሲገባው ፊቱ ቀስ በቀስ ሲፈካ አየች፤ ሳቅ ከሁለቱም እኩል ፈነዳ። ስትስቅ እንባዋ ወረደ፤ እሱ ጨርቅ ሊሰጣት ኪሱ ገባና ያገኘው በቅባት የተለወሰ መሆኑን ሲያይ እንደገና ሳቁ። እጁን ዘረጋ፤ እጇን ሰጠችው። በዚህ ጊዜ ጣቷ ውስጥ የገባ ስንጣሪ አልነበረም፤ ሰበብም አልፈለጉም።

«በሩን ምን ላድርገው ታዲያ?» አለ።

«ና ብቻ» አለች። ትከሻው ላይ ራሷን አስጠጋች። ከሰኞ ጀምሮ ደረቷን ጨምቆ የያዛት ነገር ጣቱን አንድ በአንድ ሲፈታ ታወቃት። ድካም ነበር የተረፋት፤ ከረጅም መንገድ ቤት የገባ ሰው የሚሰማው ያ ጣፋጭ ድካም።